የፌዴራሉ ነው የክልሉ? የጎጃም ባለጉዳዮች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

«ለመንግሥት ጻፍልኝ።» ደብረ ማርቆስ ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ቃል ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለየትኛው መንግሥት ብዬ ስጠይቅ ባለጉዳዩ ይስቃል፤ መንግሥት አንድ አይደል እንዴ ይለኛል። እኔም በጀማሪነቴ ከዚያ የተሻለ አላውቅም ነበር። የአንድ ሽማግሌ የማሳ ወሰን ክርክር ላይ ማመልከቻ ጽፌ አዲስ አበባ ድረስ አስላክሁ። ከአርባ ቀን በኋላ «ጉዳዩ በክልሉ የሚታይ ነው» የምትል ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ መጣችልን። በዚያ መሐል የይግባኙ ጊዜ አልፎ ነበር። ሽማግሌው ደብዳቤዋን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «ይሁን ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕገ መንግሥቱ ከጠረጴዛዬ አይለይም። የሚከተሉት በብዛት የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ሁለት መንግሥት አለ ማለት ምን ማለት ነው?

ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል አገሪቱን በፌዴራል መንግሥትና በክልሎች አዋቀራት። በአንቀጽ 50 መሠረት ሁለቱም የየራሳቸው ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ዳኝነት አላቸው። አዲስ አበባ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አለ፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የክልሉ ምክር ቤት። አንዱ የሌላው ቅርንጫፍ አይደለም።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ቶሎ አይዋጥም፤ አይፈረድበትም። በንጉሡም በደርግም ጊዜ የጎጃም አስተዳዳሪ ከአዲስ አበባ ተሹሞ የሚላክ ሰው ነበር። ጠቅላይ ግዛት ተባለ ክፍለ ሀገር፣ የማዕከሉ እጅ ነው። ክልል ግን፣ ቢያንስ በወረቀቱ፣ ሥልጣኑን የሚቀዳው ከሕገ መንግሥቱ እንጂ ከሚኒስትሮች አይደለም።

ነገሩን የማስረዳው በአንድ ቤት ነው። ባል ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል እንበል፤ ሚስት እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። እሱ የፌዴራል ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ ከፌዴራል በጀት ይወጣል፣ የደመወዝ ግብሩም ወደ ፌዴራል ይገባል። እሷ የክልል ሠራተኛ ናት፤ ደመወዟም ግብሯም የክልል ነው፣ የምትተዳደረውም በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ማታ መብራት ቢጠፋባቸው የሚደውሉት ለፌዴራል ድርጅት ነው፤ ቧንቧው ቢደርቅ ግን ለከተማው ውሃ አገልግሎት። ትሪው አንድ ነው፣ መንግሥቱ ሁለት።

ታዲያ የትኛው የማን ነው?

አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን በ21 ንዑስ አንቀጾች ይዘረዝራል። መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ብሔራዊ ባንክና ገንዘብ ማተም፣ ዜግነትና ፓስፖርት፣ አየርና ባቡር፣ ፖስታና ቴሌኮም፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች፣ ክልል ወይም አገር የሚያቋርጡ ወንዞች፣ የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ የሚወጣ ሕግ፣ ሌላው ቀርቶ የልኬት ደረጃና የዘመን አቆጣጠር ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው።

ዋናዋ ዓረፍተ ነገር ግን አንቀጽ 52 መግቢያ ላይ ያለችው ናት። ለፌዴራሉ ብቻ፣ ወይም ለሁለቱ በጋራ፣ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው ትላለች። ስለዚህ የእኔ አሠራር ቀላል ነው፤ ጉዳዩን መጀመሪያ 51 ላይ እፈልገዋለሁ። ካጣሁት ፊቴን ወደ ባሕር ዳር አዞራለሁ።

ይህ አሠራር የሚያደናግርባቸው ቦታዎች አሉ። 51 በመሬት፣ በጤና፣ በትምህርት ላይ ፌዴራሉን «ሕግ ያወጣል»፣ «መመዘኛ ያወጣል» ይለዋል፤ ማስተዳደሩን ለክልል ይተወዋል። አንዱ መለኪያውን ይሰጣል፣ ሌላው ይሰፍራል። ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሰው በብዛት እነዚህ ጉዳዮች ላይ ነው።

በዓይን ለማየት መንገዱን ይዞ መሄድ ነው። ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት የፌዴራል ነው። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌው የሚወጣው ጠጠር መንገድ የክልሉና የወረዳው ነው። ሹፌሩ ዳገቱን ሲጀምር መንግሥት መቀየሩን ጎማው ይነግረዋል።

ወንዝ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። መርአዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማልማት የታሰበ ነው። ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፣ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና፤ ከጣና ዓባይ ይወጣል፣ ዓባይ ክልልም አገርም ይሻገራል። ስለዚህ የውሃው ሕግ የፌዴራል ነው። ቦይ ዳር ቆመው በተራ ላይ የሚጨቃጨቁት ሁለት ገበሬዎች ግን የሚዳኙት እዚያው በውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራቸው ነው፤ ከዚያ ካለፈም በወረዳቸው ፍርድ ቤት።

በመሬቴ ላይ የሚያዘው ማን ነው?

ከአሥር ባለጉዳይ ሰባቱ የሚመጣው በዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መሬት በአንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይህን ክልሉ ሊቀይረው አይችልም። ፌዴራሉ የመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ ያወጣል፤ ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ነበር፣ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ክልሉ በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ የራሱን ያወጣል፤ አማራ ክልል ላይ የሚጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ውርሱ፣ ስጦታው፣ ኪራዩ፣ ልኬቱ፣ ደብተሩ ሁሉ በዚህ ይሄዳል። ደብተሩን የሚሰጠው ወረዳው ነው። ስለዚህ ወንድም ከወንድሙ፣ እንጀራ ልጅ ከእንጀራ እናቱ በማሳ ቢካሰሱ አዲስ አበባ ላይ የሚያዳምጣቸው ቢሮ የለም። መነሻቸው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው።

የክልል ሥልጣን በወረቀት ብቻ አለመሆኑን የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ 1989ን አስታውሰዋለሁ። በዚያ ዓመት የአማራ ክልል ባወጣው አዋጅ መሬት እንደገና ሲደለደል ምሥራቅ ጎጃም አብዝቶ ነክቶታል። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከሌላው ገበሬ ያነሰ ይዞታ ብቻ እንዲቀርላቸው ተደረገ። ሌላው ያገኘው መሬት ከእነሱ የተቀነሰው ነበር። በአንድ ቀበሌ ውስጥ የተደሰተውና ያዘነው ጎን ለጎን ነው የሚያርሱት። እስከ ዛሬ ድረስ «ያኔ በቀላድ የሄደብኝ» ብሎ ወሬውን የሚጀምር ሰው አለ። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 89 የወጣው በዚያው ዓመት ዘግይቶ ነው። ባሕር ዳር ቀድሞ ለካ፣ አዲስ አበባ በኋላ መለኪያ አወጣ። በእኔ ግምት የትኛውም የሕግ መጽሐፍ የክልልን ሥልጣን ከዚህ በላይ አያስረዳም፤ ደስ የሚል ምሳሌ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

የከተማ መሬት ሌላ ነው። የሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) የፌዴራል ነው፤ ቦታውን የሚያስተላልፈው ግን የከተማው አስተዳደር ነው። የሊዝ ቅሬታም በመጀመሪያ ወደዚያው ከተማ ነው የሚቀርበው።

ግብሬ የት ይሄዳል?

ጎጃምና ግብር የቆየ ቁርሾ አላቸው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ «መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊሄድ ነው» ብሎ ሸፈተ። መንግሥት ጦርም አውሮፕላንም አዘመተ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ያኔ ግብር ጣዩም ሰብሳቢውም አንድ ማዕከል ነበር። ዛሬ የአርሶ አደር የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ በአንቀጽ 97 የክልል ነው። ቀበሌ ላይ ደረሰኝ ተቆርጦ የሚሰበሰበው ብር ወደ ክልሉ ካዝና የሚሄድ እንጂ አዲስ አበባ የሚገባ አይደለም።

ለነጋዴ ደግሞ የሚለየው የንግዱ ዓይነት ነው። በስምዎ የሚነግዱ ከሆነ፣ የእህል መጋዘንም ይሁን የልብስ ሱቅ፣ ግብርዎ የክልል ነው። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋማችሁ የትርፉ ግብር በአንቀጽ 98 የጋራ ይሆናል፤ ፌዴራሉና ክልሉ ይካፈሉታል። ጉምሩክ፣ የገቢና የወጪ ንግድ ቀረጥ፣ ሎተሪ፣ የፌዴራል የልማት ድርጅቶች ግብር በ96 የፌዴራል ብቻ ነው። ቡሬ ላይ ሁለት ባንክ ጎን ለጎን ቢኖሩ፣ አንዱ የፌዴራል መንግሥት ሌላው የግል፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ያዥ የደመወዝ ግብር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ የሁለተኛው ባሕር ዳር ይቀራል።

ሕገ መንግሥቱ ያልጠቀሰው ግብር ቢመጣስ? አንቀጽ 99 ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የተወካዮችና የፌዴሬሽን፣ በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስኑ ይላል። ሰሞኑን ቤት ያለው ሁሉ የሚያወራው የንብረት ታክስ በዚህ በር ነው የገባው፤ ሥልጣኑ ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች እንዲሆን ተወስኖ በ2017 ዓ.ም. አዋጁ ወጣ።

ክልሉ ይህን ሁሉ ከሰበሰበ ለምን ድጎማ ይጠብቃል?

የወፍራሙ ግብር ምንጭ ፌዴራሉ ጋ ስለሆነ ነው። ጉምሩክ ብቻውን ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ከገበሬ የሚገኘው ግብር የክልሉን የመምህርና የጤና ባለሙያ ደመወዝ አይሸፍንም። ስለዚህ ፌዴራሉ ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፤ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ ወረዳው እጅ የሚደርሰው ብር አብዛኛው ለደመወዝ የተቆረጠ ነው። ለዚህ ነው «ድልድይ ሥሩልን» ሲባል የወረዳው ሰው ጭንቅላቱን የሚያከው። ሥልጣኑን 52 ሰጥቶታል፤ ገንዘቡን ግን አልሰጠውም።

ማዳበሪያ ሲጠፋ ማንን ልክሰስ?

መክሰሱን ተዉት፤ መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ቀበሌው የገበሬውን ፍላጎት ይመዘግባል፤ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ ተደምሮ ግብርና ሚኒስቴር ይደርሳል። ግዢው የፌዴራል ነው፤ ዶላር ይፈልጋልና። መርከቡ ጅቡቲ ያራግፋል፣ መኪናው ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘን ያመጣል፣ ከዚያ መሠረታዊ ማኅበሩ በ50 ኪሎ ከረጢት ለገበሬው ያድላል። ከመጋዘን ወዲህ ያለው የክልል ጉዳይ ነው።

በ2015 የክረምት መግቢያ ላይ እጥረቱ በበረታ ጊዜ አንድ ገበሬ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ ውሎ፣ ባዶ ከረጢቱን ተከናንቦ በዝናብ ቢሮዬ ገባ። ለማን እንጻፍ ስንባባል ውለን አመሸን። መርከቡ ከዘገየ ጥፋቱ ከላይ ነው፤ ማኅበሩ ጋ የደረሰው ከረጢት በጓሮ ከወጣ ከታች ነው። እሱ የሚያውቀው ግን ጤፍ መዝራት ያለበት ሳምንት እያለፈ መሆኑን ብቻ ነበር። በመጨረሻ የጻፍነው ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ የመጋዘኑን መዝገብ ማየት የሚችለው ቅርብ አካል እሱ ነውና። ዛሬም እንዲህ ላለው ጉዳይ መጀመሪያ መዝገቡ ይታይልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዞኑስ መንግሥት ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ጥያቄው ግን ከሁሉ ይጣፍጠኛል። ምሥራቅ ጎጃም (ደብረ ማርቆስ) እና ምዕራብ ጎጃም (ፍኖተ ሰላም) የክልሉ የአስተዳደር እርከን ናቸው፤ ሕዝብ የመረጠው የዞን ምክር ቤት የላቸውም። የዞኑን አስተዳዳሪ የሚሾመው ክልሉ ነው። ምክር ቤት ያለው ከታች ወረዳው ነው፤ ከላይ ክልሉ።

አዊ ግን የተለየ ነው። እንጅባራ ላይ የተቀመጠው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በክልሉ ሕገ መንግሥት የራሱ ምክር ቤት ተሰጥቶታል፤ አገውኛም በትምህርት ቤትና በቢሮ ይሠራበታል። ከቡሬ ተነሥተው እንጅባራ ሲገቡ፣ መንገዱ አንድ ቢሆንም፣ ከተሾመ አስተዳደር ወደ ተመረጠ ምክር ቤት ተሻገሩ ማለት ነው። ክልል ከክልል በታች ሥልጣን የሚያካፍለው በራሱ ሕገ መንግሥት ነው፤ ፌዴራሉ «ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ» ከማለት አያልፍም።

ፖሊሱ፣ ልዩ ኃይሉ፣ መከላከያው የማን ናቸው?

ክልል ፖሊስ ማደራጀትና ጸጥታውን ማስከበር በአንቀጽ 52 ተሰጥቶታል። መከላከያና ፌዴራል ፖሊስ የፌዴራሉ ናቸው። «ልዩ ኃይል» የሚል ቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ አይፈቀድም የሚልም የለም። ክልሎች ለዓመታት አደራጁት፣ በመጋቢት 2015 መጨረሻ ፌዴራሉ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገባ ወሰነ። አማራ ክልል ላይ ምን ያህል ቁጣ እንዳስነሳ እዚህ ያለ ሰው አይነገረውም።

መከላከያ ወደ ክልል የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ክልሉ ራሱ ከአቅሜ በላይ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ (51 ንዑስ 14)፣ ሁለተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ አደጋ ላይ ወድቋል ብሎ ጣልቃ መግባትን ሲያዝ (62 ንዑስ 9)፣ ሦስተኛው በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ። አዋጁን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ለስድስት ወር ይጸናል፣ ከዚያ በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊያራዝመው ይችላል። ክልልም ማወጅ ይችላል፤ ግን ለተፈጥሮ አደጋና ለወረርሽኝ ብቻ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የክልሉ መንግሥት ጠይቆ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጀው በዚሁ በአንቀጽ 93 ነው፤ በ2016 ተራዝሟል። ጎጃም በዚያ ጊዜ ያየውን እዚህ አልዘረዝርም፤ የተጠየቅሁት ስለ አንቀጹ ነው።

ክሴን የት ልክፈት?

የቤተሰብ፣ የመሬት፣ የብድር ጉዳይ የክልል ፍርድ ቤት ነው። ወረዳ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤትና የክልሉ ሰበር፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው ችሎት። ጋብቻና ፍቺ እንኳ በሕጉ ይለያል፤ ፍኖተ ሰላም ላይ የተጋቡ ጥንዶች በክልሉ የቤተሰብ ሕግ (79/1995) ይዳኛሉ፣ አዲስ አበባ ላይ የተጋቡት በፌዴራሉ (213/1992)። ወንጀልና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ የፌዴራል ነው፣ ምንም እንኳ የሚዳኘው ባሕር ዳር የተሾመ ዳኛ ቢሆን።

«የፌዴራል ጉዳይ ከሆነ አዲስ አበባ ልሂድ?» ለሚሉ፦ ከመሄድ በፊት ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥራ ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። ብዙ ጊዜ የፌዴራሉ ጉዳይ እዚሁ ነው የሚታየው።

የአዲስ አበባው ሰበር በክልል ጉዳይ ላይ ገብቶ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ማረም ይችላል፤ ውሳኔውም ሌሎች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ከ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ወዲህ ግን በሩ ጠበብ ብሏል፤ በክልሉ ሰበር ያለቀ ጉዳይ ለብዙኃን ጥቅምና ለአገር የሚተርፍ መሆኑ ይታያል። «ዳኛው ጠላኝ» የሚል ምክንያት እዚያ አያደርስም።

የፌዴራልና የክልል ሕግ ቢጋጩ የቱ ይበልጣል?

ብዙ ሰው «የፌዴራሉ ነዋ!» ይላል። ሕገ መንግሥቱ እንዲያ አይልም። የበላዩ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው (አንቀጽ 9)፤ ከእሱ የሚጋጭ ሕግ፣ የማንም ይሁን የማን፣ አይጸናም። ማን ወሰኑን አለፈ የሚለውን የሚፈርደው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ያቀርብለታል። ልብ በሉ፣ ምክር ቤቱ ፍርድ ቤት አይደለም፤ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የተቀመጡበት የፖለቲካ ምክር ቤት ነው። እኔ እንደ ጸሐፊ ይህ አይመቸኝም፤ ዳኛ ካባ ለብሶ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ የሚሉ የሕግ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው።

የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለምን አንድ ቦታ አይመጣም?

የስምንተኛው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው፣ የአሥራ ሁለተኛው አገር አቀፍ። ቅሬታም እንደዚያው ይሄዳል።

ፓስፖርትና መታወቂያስ?

ፓስፖርት የፌዴራል ነው፤ ፋይዳም የፌዴራል። የቀበሌ መታወቂያ የቀበሌ።

ጎጃም ራሱን የቻለ ክልል መሆን ይችላል? መተከልስ?

«ጎጃም» የሚለው ስም በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ አንድም ቦታ አይገኝም። ክልል የመመሥረት መብት በአንቀጽ 47 የተሰጠው ለብሔር፣ ለብሔረሰብና ለሕዝብ ነው፤ ለቀድሞ ክፍለ ሀገር አይደለም። መንገዱም ረጅም ነው፤ የጠያቂው ብሔረሰብ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይቀበላል፣ ጥያቄው ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፣ ክልሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ሲዳማ በኅዳር 2012 ድምፅ ሰጥቶ በዚያው ዓመት ክልል ሆኗል። ከዚያ በኋላ በደቡብ በኩል ሌሎችም ተከትለው ዛሬ 12 ክልሎች አሉ።

መተከል በክፍለ ሀገሩ ዘመን የጎጃም አውራጃ ነበር፤ ከ1983 በኋላ በተደረገው ሽንሸና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ገባ። ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት አይቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስናል ይላል አንቀጽ 48። በጠጅ ቤት ይህን ክርክር የጀመረ ሰው ሲያነጋ ነው የሚያድረው፤ እኔ አንቀጹን አሳይቼ እነሣለሁ።

ለሁለቱም መንግሥት አንድ ላይ ብጽፍስ?

የሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ግልባጭ» ተብሎ ከወረዳው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ስምንት አድራሻ እንድደረድር የሚያዝዘኝ አለ። እጽፍለታለሁ፤ የእሱ ወረቀት ነው። ግን ሁለት ነገር እነግረዋለሁ። ግልባጭ የደረሰው ቢሮ የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ አብዛኛው ቀን አስመትቶ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ የገባ ግልባጭ ባሕር ዳር የሚቆጠረውን የይግባኝ ቀን አያቆምም። ስለዚህ መጀመሪያ «ለ» የሚለው መስመር ላይ ያለው አንድ አድራሻ ትክክል ይሁን፣ መዝገብ ቤት ገቢ ያድርገው፣ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ የአንተ ቅጂ ላይ ማኅተም ይመታበት። ያቺን ቅጂ ደረት ኪስ ውስጥ አትክተታት፤ ዝናብ ያጠፋታል።